ነጩ መኪና ይሻላል ያልኩበት ቀን

ከሶዶ የወጣሁበት ምሽት ዝናብ ነበር። እናቴ ሻንጣዬ ላይ ቁጭ ብላ ዚፑን ለመዝጋት ትታገላለች፤ ወንድሜ ታምራት የሚኒባሱን ቁልፍ ከእጄ ተቀብሎ ኪሱ ከተተና እንዳላየው ፊቱን አዞረ። በዚያ ሚኒባስ ከሶዶ ቦዲቲ ስመላለስ የኖርኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን ሴት መሪውን ይዛ ሲያዩ ተመልሰው የሚወርዱ ተሳፋሪዎች ነበሩ፤ በኋላ ግን አስቴር ካልነዳች አንሄድም የሚሉ ደንበኞች አፈራሁ። የሰፈር ሰዎች ታውቁኛላችሁ፣ ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ እየተኩራራሁ ነው።

ዱባይ እንደደረስኩ ፈታሹ ከሻንጣዬ እናቴ በፌስታል ደራርባ የጠቀለለችውን ዳጣ አወጣ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"በርበሬ ነው። በሥጋ ይበላል።"

"መድኃኒት ነው?"

"ለጉንፋን ይሆናል።"

ከፍቶ አሸተተና ዓይኑ እንባ አቀረረ። ክዳኑን ቶሎ መልሶ ሂጂ አለኝ። ከበሩ ስወጣ ደግሞ አየሩ እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ ፊቴን መታኝ። ጠዋት ከዳሞታ ተራራ በሚወርደው ብርድ ሳማርር የኖርኩ ሰው፣ እዚያው ቆሜ ያንን ብርድ ናፈቅኩት።

መጀመሪያ ቤት አጸዳሁ፤ ከዚያ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ገባሁ። ፈታኙ በፊት የት ስነዳ እንደነበር ጠየቀኝ። ሶዶ ቦዲቲ አልኩት።

"ሀይዌይ ነው?"

"ላሞቹ ሲነሱ ሀይዌይ ይሆናል።"

አልሳቀም፣ ግን አሳለፈኝ። ብዙም ሳልቆይ ማዳም ኑራ የምትባል ሴት ቤት የልጆች ሹፌር ሆኜ ተቀጠርኩ። ሁለት ወንዶችና ማርያም የምትባል ገና አፏን የምትፈታ ሴት ልጅ አሏት። ማርያም መኪና ውስጥ ስትገባ ወዲያው እንቅልፍ የሚወስዳት ልጅ ናት። ማዳም ኑራ ራሷ መንጃ ፈቃድ ነበራት፤ አንድ ጊዜ ከኋላ ከተገጨች ወዲህ ግን መሪ መንካት ትታለች። ባለቤቷን እኔም እንደ ልጆቹ ባባ ነበር የምለው።

አንድ ቀን ባባ ሁለት የኤሌክትሪክ መኪኖች ለሙከራ ይዞ መጣ። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ፤ ሁለቱም ከፍ ያሉና ሰፊ፣ ውስጣቸው እንደ ሳሎን። "ልጆቹን ይዘሽ ሁለቱንም መኪና ንጂና የትኛው እንደሚሻል ንገሪን" አለኝ። ቀጥሎም እንዲህ አለ፦ "ነጩ ብዙውን ነገር በራሱ ይሠራል ይላሉ። እሱን ከወሰድን ኑራ ራሷ መንዳት ትችላለች።"

ሳይናገር የተወውን እኔ ጨረስኩት። ነጩ ከተገዛ ሹፌር አያስፈልግም።

ነዳኋቸው። ጥቁሩ እንደ ጥይት ይፈተለካል፤ ስክሪኑ የሰፈራችንን ቴሌቪዥን ያስንቃል። ፊት ለፊት ያለው መኪና ድንገት ሲቆም ሁለቱም በራሳቸው ፍሬን ይይዛሉ። ከመስመር ስወጣ ጥቁሩ ይጮኻል፤ ነጩ ግን መሪውን ቀስ አድርጎ ይመልሰዋል። ትልቁ ልጅ በሩን ሊከፍት ሲል ከኋላ ብስክሌት ከመጣ ነጩ ቀድሞ ያስጠነቅቃል። ዓይኔን የሚከታተል ካሜራም አለው። ስለ ቤት እያሰብኩ ወደ ጎን እያየሁ ትንሽ ስቆይ ጮኸብኝ፤ እናቴ እንኳ እንዲህ አትቆጣጠረኝም።

ከሁሉም ያስጨነቀኝ የማርያም እንቅልፍ ነው። በዚህ አገር ሙቀት፣ በተዘጋ መኪና ውስጥ ልጅ ከተረሳ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ሁለቱም ልጅ ሲረሳ ያስጠነቅቃሉ ስለተባለ፣ ከመሬት በታች ያለው መኪና ማቆሚያ ውስጥ እኔ ራሴ የጥቁሩ የኋላ ወንበር ላይ ጋደም አልኩና ማዳም ኑራን በሩን ቆልፋ እንድትቆም ለመንኳት። መኪናውን ያመጣው ሻጭ አብሮን ነበር።

"እህቴ፣ ይሄ ማስጠንቀቂያ እኮ ለሕፃናት ነው" አለኝ በመስኮቱ።

"ለኔ ካልሠራ ለሷ ይሠራል ብዬ እንዴት ልመን?"

ጥቁሩ የኋላ ወንበሩን ተመልከቱ የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ አሳየና ጠፋ። ከዚያ ዝም። ነጩ ውስጥም እንደዚያው ተኛሁ፤ ትንፋሼን ቀንሼ ሳልንቀሳቀስ ቆየሁ። ትንሽ ቆይቶ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ፣ ጥሩንባው ጮኸ፣ ሻጩ ከመኪናው ጋር ያገናኘው የማዳም ኑራ ስልክም አብሮ ጮኸ። በሩን ከፍታ እጄን ይዛ አስወጣችኝ።

ማታ ባባ ሳሎን ጠራኝ። ጥቁሩም ጥሩ ነው ብል ማንም አይፈርድብኝም ነበር፤ በእርግጥም ጥሩ ነው። ማርያም ግን ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ጫማዬን ለመፍታት ትታገል ነበር።

"ነጩ ይሻላል" አልኩ።

"ይህ ለአንቺ ምን ማለት እንደሆነ ገብቶሻል?"

"ገብቶኛል ባባ። ነጩ ይሻላል።"

ነጩ ተገዛ። እኔም ሻንጣዬን ማዘጋጀት ጀመርኩ። ማዳም ኑራ ግን ክፍሌ ድረስ መጥታ፣ "መኪናው ይቆማል፤ እኔ ግን አሁንም እፈራለሁ። እስክለምድ አጠገቤ ተቀመጪ" አለችኝ። ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ሰፈር ውስጥ፣ ከዚያ እስከ ትምህርት ቤት፣ በመጨረሻም ትልቁ መንገድ ላይ ወጣች። አደባባይ ላይ ስትደነግጥ ልክ ታምራትን ሳስተምረው እንደነበረው በወላይትኛ ነበር የምጮኽባት፤ የሚገርመው ይገባታል። እሷ ስትለምድ እህቷ ጠራችኝ፣ ከእህቷ ጓደኛዋ። አሁን ለሴቶች መንዳት የሚያስተምር ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። ክፍሌ ጠባብ ናት፤ መስኮቷ የሌላ ሕንፃ ግድግዳ ያያል። ሥራዬን ግን እወደዋለሁ፤ እችልበታለሁም።

ባለፈው እሑድ እናቴ ደወለች። ገበያ ስትሄድ አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ድምፅ ሳያሰማ አጠገቧ ደርሶ አስደንግጧታል። ሹፌሩም "አይዞሽ እማማ፣ በራሱ ይቆማል" ብሏታል።

"እውነት በራሱ ይቆማል?" አለችኝ።

"ይቆማል እማ። አንቺ ግን አትመኚው፤ ግራ ቀኝ አይተሽ ተሻገሪ።"

"እንግዲያ እንዲህ ካወቅሽበት አንዱን ይዘሽልን ነይ" ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችና፣ "መኪናው ይቅር፤ አንቺ ነይ" አለች።

ክረምቱ ሲወጣ እመጣለሁ አልኳት። የትኛው ክረምት እንደሆነ አልጠየቀችኝም።