የእማማ ላም የወደቀች ቀን

ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ወረድ ብሎ ባለው ሰፈራችን፣ የልጅነት ወተቴን የጠጣሁት ከጎረቤታችን ከእማማ ላሞች ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በሁለት ላም የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያሳደጉ፣ ቁጡና ደግ ሴት ናቸው። የእንስሳት ሕክምና ልማር ስገባ ከእናቴ በላይ የተደሰቱት እሳቸው ነበሩ።

የመጨረሻው ዓመት ላይ ስለ እብድ ላም በሽታ ተማርን። የላሟን አንጎል ቀስ በቀስ እንደ ስፖንጅ ይበሳሳዋል። የታመመች ከብት አንጎል ወይም ህብለ ሰረሰር የነካው ምግብ ሰውንም ሊገድል ይችላል፤ ቢቀቀል እንኳ በሽታው አይጠፋም። ባሕር ማዶ የተዛመተው የከብት ሥጋና አጥንት ተፈጭቶ ለላሞች ስለተሰጠ ነው። ይህን ለእማማ ስነግራቸው፣

«ላም ላም ትበላለች? ምን ጉድ ነው!» አሉ። ፊታቸው ግን ጥቁር አለ።

ከሳምንት በኋላ፣ ገና በጠዋቱ በራችንን ደበደቡ። ትናንት የወለደችው ላም ተንቀጥቅጣ፣ ተንገዳግዳ ወድቃለች። ጋጣው ስገባ አንገቷን ወደ ጎኗ ቆልምማ ተኝታለች።

«ልጄ፣ ደብቄሽ ነው» አሉኝ። «ዓምና አንድ ነጋዴ አጥንት የተፈጨበት መኖ አምጥቶልኝ አብልቻታለሁ። እሷስ ትሙት፤ ወተቷን የጠጡት ልጆች ምን ይሆኑብኛል?»

በወተት ይተላለፋል የሚል ማስረጃ እንደሌለ፣ እኛ አገር ታይቷል ሲባልም እንዳልሰማሁ ነገርኳቸው። እኔ ራሴ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም። መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድ፣ መውደቅ፤ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ሁሉ ፊቴ ተጋድሟል። ዘነበወርቅ ለሚኖሩ አንድ ነባር የከብት ሐኪም ደወልኩ።

እንደመጡ የላሟን ጆሮ ያዙ።

«እስቲ ንኪው» አሉኝ። በረዶ ነው።

«ያ በሽታ ዓመታት አድብቶ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚጥለው። ይቺ ገና ትናንት ወልዳ ካልሲየሟ በወተቷ አልቆባት ነው፤ ጆሮዋም የቀዘቀዘው ለዚህ ነው። እማማ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው፤ የአጥንቱን መኖ ግን ሁለተኛ እንዳያስገቡ።»

የካልሲየሙን ጠርሙስ በሙቅ ውሃ ለብ አድርገው፣ በአንገቷ ደም ሥር ቀስ እያሉ ሰጧት። ጠርሙሱን ከፍ አድርጌ የያዝኩት እኔ ነኝ። ሳያልቅ አገሳች። ትንሽ ቆይታ የኋላ እግሮቿን አነሳች፤ ከዚያ ቀጥ ብላ ቆመች።

እማማ አንገቷ ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ትከሻዬን መታ አደረጉኝ።

«አንቺ ደግሞ በድንጋጤ ልትገድይኝ ነበር!»

«እኔም ልሞት ነበር» አልኳቸው። ሦስታችንም ሳቅን።

ሐኪሙ ከሄዱ በኋላ እማማ በርጩማቸውን ጋጣው ውስጥ አስቀምጠው ከላሟ አልለይ አሉ። ቀኑን ሙሉ በአጥሩ በኩል «አንቺ ልጅ፣ ጆሮዋ እንደሞቀ ነው!» እያሉ ሲጠሩኝ ዋሉ።