መልኳን የቀማኝ ፊልም

ባለፈው ሳምንት ልጄ ስልኳን ወደ ፊቴ አስጠግታ፣ «አባዬ፣ ያ የምትወደው መጽሐፍ እንደገና ፊልም ሊሆን ነው!» አለችኝ። ደስ ይለዋል ብላ ነው። እኔ ግን ፊቴ ጠቆረ። የመጀመሪያው ፊልም ቅናት ሳይወጣልኝ ሁለተኛ ሊመጣብኝ!

ያን ጊዜ እዚሁ መካነ ሰላም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ደሴ ያለው ወንድሜ የላከልኝ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የትርጉም ልቦለድ ነበረኝ። ዝናቡ የተሰረቀበት አገር አለ፤ አንዲት ልጅ ልታስመልሰው በትልቅ ወፍ ጀርባ ወደ ደመናው ንግሥት ቤት ትሄዳለች። ይህን ታሪክ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ለጎረቤታችን ልጅ ለሰዓዳ እየቆራረስኩ አወራላት ነበር። ጥቅምት ነው፤ የመንገዱ ጭቃ ገና አልደረቀም፣ እሸት ባቄላ እየፈለፈልን በዝግታ እንሄዳለን። ሰፈር ስንደርስ ሆን ብዬ ልብ የሚያንጠለጥለው ቦታ ላይ አቆማለሁ።

«ወላሂ አትገባም! ወፉ ጣላት ወይስ አልጣላትም?»

«ነገ።»

ከዚያ «ነገ» በላይ የምወደው ነገር አልነበረኝም። መጽሐፉ ስለ ልጅቷ መልክ አንድ ቃል አይልም። እኔ ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የሰዓዳን ፊት ሰጥቻት ነበር፤ ሰፊ ግንባሯን፣ ስትስቅ የሚጠብቡ ዓይኖቿን። ታሪኩ ሲያልቅ ልነግራት አስቤ ነበር።

ሳያልቅ አክስቷ ከድጃ ቴሌቪዥንና ዲቪዲ ይዛ ከጅዳ መጣች። ከዲቪዲዎቹ አንዱ የኔው መጽሐፍ ፊልም ነው፣ ያውም በዐረብኛ! ቅዳሜ ከሰዓት ሰፈርተኛው ቤቷን ሞላው። ከድጃ ከፊት ተቀምጣ ትተረጉማለች፤ ትርጉሙም እንደ ራሷ ነው። ንግሥቲቱ ልጅቷን ስታስራት፣ «ፓስፖርቷን ቀማቻት!» አለች። ሴቶቹ «ወይኔ!» አሉ።

«መጽሐፉ ላይ እንዲህ የለም!» አልኩ።

«አንተ ልጅ ዝም በል፤ እዚያ የኖረችው እሷ ናት» አሉኝ አንድ አዛውንት።

ሰዓዳ ዞር ብላም አላየችኝ። ፀጉሯ እንደ ስንዴ ነዶ የሚያበራ ፈረንጅ በወፉ ላይ ስትበር አፏን ከፍታ ታያለች። ስንወጣ ጠበቀችኝ።

«አንተ ይመር፣ እንዲህ ቆንጆ መሆኗን ለምን አልነገርከኝም?»

አንቺን ነበር የምትመስለው ልላት ነበር፤ ግን በንዴት «ፊልሙ ውሸት ነው» አልኳት።

«ይሁና! ያንተዋን እኮ አላየኋትም» ብላ እየሳቀች ገባች። ሰኞ መንገድ ላይ የቀረውን ልቀጥልላት ስጀምር፣ «ተወው፣ መጨረሻውን አይቻለሁ» አለችኝ። የፊልሙ መጨረሻ ሌላ፣ የመጽሐፉ መጨረሻ ሌላ ነው። ማን ይስማኝ?

ታሪኩን ቢቆርጡት፣ መጨረሻውን ቢያጣምሙት ይቅር እላለሁ። ሰዓዳ ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ ገበያ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፣ ፊቷን አልረሳሁትም። ትናንት ግን መጽሐፉን አውጥቼ ከመጀመሪያው ባነበው፣ ወፉ ላይ የተቀመጠችው ያቺ ባለ ቢጫ ፀጉር ናት። ውረጂ ብላት፣ ብላት፣ አልወርድም አለችኝ።