ወደ አዋሽ ልንሄድ ስንል

መቱ ከተማ አስተማሪ ሳለሁ፣ ከባለቤቴ ጋር በእረፍታችን አዲሱን የአዋሽ ፓርክ ልናይ አሰብን። ሁለታችንም ከዝናብና ከጫካ ሌላ አናውቅም ነበር። ስለዚህ እዚያው የአዋሽ በረሃ ውስጥ ያገለገሉትን ጎረቤታችንን፣ ጋሼ የምንላቸውን ጡረተኛ ወታደር፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤት ጋበዝኳቸው። ስለ መንገዱና ስለ ውሃው ከነገሩኝ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በረሃው በምታውቀው ሰው ድምፅ ይጠራሃል። ሁለተኛ እስኪጠራህ አቤት እንዳትል።»

«አቤት!» አለች ባለቤቴ ከጓዳ። እጇን እየጠራረገች ብቅ አለችና «ምነው ጠራኸኝ?» አለችኝ።

ማናችንም አልጠራናትም። ጋሼ ባርኔጣቸውን አንስተው፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይሉ፣ በዝናቡ ወጥተው ሄዱ።

አዋሽ መሄዱን ሄድን። ረጃጅም ቀንድ ያላቸው ሳላዎች በሜዳው ሲሮጡ ስታይ እንኳ ባለቤቴ ክንዴን አልለቀቀችም። እኔም ስሟን ሳልጠራ ዋልኩ።