ቲቸር መርክነህና የዳሞታ አቀበት

ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ጎማ የሚለጥፍ ሰው አለ። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ የማስቲሹን ክዳን ከፍቶ ከመነዳሪ ይቀባ ነበር። ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲሸተው ሆዱ ይባባል ይላሉ፤ እኔን ጥርሴን ነው ያስነከሰኝ። ያ ሽታ የቲቸር መርክነህ ሽታ ነው። የሞተ ሰው አይወቀስም ይሉኛል። እኔ እወቅሳለሁ።

ቲቸር መርክነህ የስፖርት አስተማሪያችን ነበር። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፣ ከኋላው ግን አንተ ነው፤ አሁንም አላስተካክለውም። ረጅም፣ አጥንቱ የወጣ ሰው ነው። ክረምት ከበጋ የማይቀይራት፣ ጉልበቷ የነጣ ሰማያዊ ቱታ ነበረችው። አንገቱ ላይ ፊሽካ፣ ኪሱ ውስጥ ማስቲሽ፣ መቀስና የአሮጌ ጎማ ቁራጭ አይጠፋም። ጎማችን ሲተነፍስ ራሱ ቁጢጥ ብሎ ይለጥፍልናል፤ እስኪደርቅ ድረስ ግን ባለ ብስክሌቱን ሲሞልጨው ይቆያል። ከሁሉም የሚበዛው ለእኔ ነበር። ከብስክሌት ቡድናችን ሴት እኔ ብቻ ነበርኩና፣ ላንቺ የሚያስፈልግሽ አህያ እንጂ ብስክሌት አይደለም እያለ ወንዶቹን ያስቅብኝ ነበር። አፈር ያስበላው ብዬ ስንት ቀን ረግሜዋለሁ።

ነገሩ የሆነው ወላይታ ለብቻዋ ዞን በሆነች ሰሞን ነው። አዋሳ ላይ የክልል የብስክሌት ውድድር አለ፣ ከእናንተ አራት ልጆች ይሄዳሉ ተባለ። እኔ እስከዚያ ቀን ከቦዲቲ ወዲያ አገር መኖሩን የሰማሁት በሬዲዮ ነው። አዋሳ፣ ሐይቅ፣ ቢጫ ማሊያ! እንቅልፍ አጣሁ። አልፎ አልፎ የምዋሰውን የወንድሜን የቻይና ብስክሌት እስከ ውድድሩ ድረስ ለምኜ ወሰድኩ። እናቴም ልጄ አዋሳ ልትሄድ ነው ብላ ገና ሳልመረጥ ለቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን በሙሉ አወራች። እንግዲህ መቅረት የሚባል ነገር አልነበረም።

መምረጫው የዳሞታ አቀበት ነው። ከከተማው ጀርባ ተነስቶ ተራራውን እየታከከ የሚወጣ፣ ማለቂያ የሌለው የሚመስል ኮረኮንች መንገድ ነው። መኪና የለበትም። መጀመሪያ እንሰትና ጎዳሬ፣ ከዚያ ባሕር ዛፍ፣ ከዚያ ጉም ብቻ። የሚሰማው የራስ ትንፋሽና የካቴናው ጭርጭርታ ነው። የቲቸር መርክነህ ሕግ ደግሞ አጭር ነበር፦ እግሩ መሬት የነካ፣ አልቆለታል፣ ወደ ቤቱ። እሱ በራሱ አሮጌ ብስክሌት ከመጨረሻው ልጅ ኋላ ይከተላል፤ ማን እንደወረደ የሚያየው እሱ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ስምንት ሆነን ተነሳን። ሦስቱ ገና ከእንሰቱ ሳንወጣ ወረዱ። አራት ወንዶች ከፊት፣ እኔ አምስተኛ፣ ቲቸር ከኋላዬ። ጭኔ ይቃጠላል፣ ምራቄ ደርቋል፣ አንዱን ካልቀደምኩ አዋሳ የለም። ከግማሽ በላይ ወጥተን አንዱ ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ከላይ መጡ። ተሸካሚዎቹ አራት ብቻ ናቸው፤ ቅያሪ የላቸውም፣ እግራቸው ይብረከረካል። ምጥ የያዛት ሴት ነበረች፤ የተሸፈነችበት ጋቢ በደም ርሷል። በእኛ አገር ቃሬዛ ያገኘ ሰው የያዘውን ጥሎ ትከሻ ይሰጣል። ተጣልቶ የቆየ ሰው እንኳ ይሰጣል፣ ማንም አይነግረውም። አራቱ ልጆች ብስክሌታቸውን ቦይ ውስጥ ወርውረው ሮጡ።

እኔ አልወረድኩም። ሴት ልጅ ቃሬዛ አትሸከም፣ ብወርድ ምን እጠቅማለሁ አልኩ። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ነው ያልኩት። ከኋላ የምትከተል አሮጊት ነበረች፤ ጀርባዋ ላይ እቃ፣ እጇ ላይ ውሃ ይዛ ታለቅሳለች። በእሷም በኩል አለፍኩ። የሚቀጥለው ጠመዝማዛ ላይ ዞር ብዬ ሳይ ሰማያዊዋ ቱታ ከቃሬዛው ፊት፣ ከአንዱ እንጨት ሥር ነበረች፤ ወደ ታች እየሮጡ ነው።

አናቱ ላይ ስደርስ ማንም የለም። ፊሽካ የሚነፋ የለም፣ ሰዓት የሚይዝ የለም። በሃይላንድ የያዝኩትን ውሃ ጠጥቼ ጉም ውስጥ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ሲበርደኝ ወረድኩ፣ ግን አንደኛ ነኝ፣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ሰኞ አስተማሪዎች ክፍል በር ላይ ስም ተለጠፈ። አራቱ ወንዶች። እኔ የለሁም። ደሜ ፈላ። ሄድኩ፤ ቲቸር መርክነህ ቁጢጥ ብሎ ጎማ ይለጥፍ ነበር።

"ቲቸር፣ ሕጉ የእርስዎ ነው" አልኩት። "አራቱም ወርደዋል። ያልወረድኩት እኔ ብቻ ነኝ።"

ቀና እንኳ አላለም።

"አውቃለሁ፤ አይቼሻለሁ" አለኝ።

በቃ፣ ይኸው ነው። ለዚያ ሁሉ ስድብ ጊዜ የነበረው ሰው ለእኔ ቀን ሁለት ቃል ብቻ ተረፈችው። ዳይሬክተሩ ጋ ሄጄ አለቀስኩ፤ ሴትየዋ ሆስፒታል ደርሳ በሰላም ተገላገለች፣ ነፍስ ያተረፈ ሰው ይከሰሳል እንዴ አሉኝ። እውነት ነው፣ ማን አፉን ይከፍትበታል? ቤት ስደርስ እናቴም ወሬውን ሰምታ ኖሮ አልተቆጣችም፣ አላጽናናችኝም፤ ጎመኑን መክተፏን ቀጠለች። ልጆቹ አዋሳ ሄደው ጭራ ሆነው ተመለሱ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ብስክሌቱን ለወንድሜ መልሼ ሁለተኛ አልወጣሁበትም። አንድ ሕግ አውጥቶ፣ ያንኑ ሕግ ላከበረ ሰው የሚክድ አስተማሪ ምን አስተማሪ ነው? ይህን ስል ነው የኖርኩት።

ቲቸር መርክነህ ካቻምና አረፈ። የሰፈር ሰው ነው፣ ለቅሶ መቅረት አይቻልም፤ ሄጄ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥኩ። አጠገቤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ሴት እጄን ይዛ ትንሰቀሰቃለች፤ አላውቃትም። ከማዶ ወንበር የሚያቀብለውን ጎረምሳ አሳየችኝና፣ ቲቸር በትከሻው አውርዶኝ ነው እሱን የወለድኩት፣ የዚያን ቀን ከዳሞታ አለችኝ።

አፌ ቀደመኝ።

"እኔም የዚያን ቀን መንገዱ ላይ ነበርኩ" አልኳት።

ፊቷ በራ፤ እጄን አጥብቃ ያዘችው።

"አንቺም ረድተሽኛል?"

መዋሸት እችል ነበር። እሷ ዓይኗን ጨፍና ነበር የወረደችው፣ ምን ታውቃለች።

"አይ" አልኳት። "አልፌሽ ነው የሄድኩት።"

እጇን አልሰበሰበችም። እጄን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ።