ሳልሳ በአናጢ ቤት

ሰው የደበደብኩት ሳልሳ ስጨፍር ነው ብል ማን ያምነኛል? ግን እንደዚያ ነው የሆነው።

ከኮሮና በፊት አርብ አርብ ዱባይ፣ ዴራ ውስጥ አንድ ሆቴል ምድር ቤት ያለ ክለብ እንጨፍር ነበር። የቤቱ ወግ ቀላል ነው፤ "እንጨፍር?" ያለሽን ሰው እምቢ አትይም፤ ዘፈኑ ሲያልቅ አመስግነሽ ሌላ ትይዣለሽ። ወንድ ሁልጊዜ ስለሚያንስ፣ እኔም ቁመቴ የአጥር እንጨት ስለሚያህል፣ መሪ አደረጉኝ። መሪ አፉን አይከፍትም፤ በእጁ ነው የሚናገረው። እጄን ከጭንቅላትሽ በላይ ካነሳሁ፣ ከስሩ ትዞሪያለሽ ማለት ነው። በቃ።

እንደ ጓደኛዬ የሚዞርልኝ ሰው አልነበረም። ካራማ አንድ ክፍል ውስጥ ቤድ ስፔስ፣ አልጋ ብቻ ተከራይተን፣ እሷ ከላይኛው አልጋ እኔ ከታችኛው እንተኛ ነበር። ስትዞር እንደ እንዝርት ናት፤ እጄን ገና ሳላነሳው ታውቀዋለች። ኋላ ከአንድ ያገራችን ልጅ፣ ከሾፌር ጋር ተዋደደችና አጅማን ሄዳ አብራው መኖር ጀመረች።

ሁሉም በሩን ዘግቶ በተቀመጠበት ሰሞን ከንፈሯ አብጦ ካራማ መጣች። እኛ ምን አደረግን? ሽምግልና ተቀመጥን! ያውም በስልክ፤ አንዱ ከሻርጃ፣ አንዱ ከዴራ፣ እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ። ሰውየው "ዋላሂ፣ ሰይጣን አሳስቶኝ ነው፣ ሁለተኛ አይለምደኝም" እያለ አለቀሰ። "ቤት መዘጋቱ ነው ያስጨነቀው፤ ግድ የለሽም፣ ተመለሺ" ያልኳት እኔ ነኝ። እኔው፣ በዚህ አፌ። ሻንጣዋን ታክሲ ላይ የጫንኩትም እኔ ነኝ።

ክለቡ ሲዘጋ፣ አብሮን የሚጨፍር አንድ ሶሪያዊ አናጢ እዚያው አጅማን፣ አል ጁርፍ ያለውን የእንጨት ሥራ ቤቱን አርብ ከሰዓት ከፈተልን። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ መውጣት ክልክል ስለነበር የማታው ጭፈራችን ቀን ሆነ። መስኮቱን በሸራ ሸፍነን፣ ማስክ አድርገን፣ አስራ ሁለት ሰው ሰጋቱራ ላይ። መሰብሰብም ተከልክሎ ስለነበር ፖሊስ ቢደርስብን አያድርስ ነው፤ ቢሆንም መጣን። አንድ አርብ ጓደኛዬንም ጎትቼ አመጣኋት። "ሱቅ ደርሼ ልምጣ" ብላው ነው የወጣችው።

ሙዚቃው ተከፈተ። ያዝኳት። እጄን አነሳሁ። አልዞረችም። ጎንበስ ብላ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

"ምን ሆነሻል?" ብዬ ሳቅሁ። አይ የኔ ነገር!

"አዳለጠኝ" አለች።

ደግሜ አነሳሁ። ደግማ ሸፈነች። ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰብኩት፤ ክንዷ እስከ ክርኗ በልዟል።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አስታርቃችሁኝ የለ እንዴ? ከዚያ በኋላ ለማን ልንገር?"

"ዛሬ ከኔ ጋር ካራማ ትገቢያለሽ፤ በቃ፣ ኸላስ" አልኳት። እሺም እምቢም ሳትል በሩ ተበረገደ። ሰውየው ተከትሏት ኖሯል።

ማስኩን አገጩ ላይ አድርጎ ገባ። ፀጉሯን ጠቅልሎ ያዘና ፊቷን ከአናጢው ጠረጴዛ ጋር አላተመው። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። ማን ፖሊስ ይጥራ? ፖሊስ ከመጣ ሁላችንም መጠረዛችን ነው። እሱም ያውቀዋል፤ "ምን ትጠብቃላችሁ? ደውሉ እንጂ!" እያለ ይስቃል።

ግድግዳው ጋ ያላለቀ የወንበር እግር ተደግፎ ነበር። አነሳሁና ክንዱን አልኩት። ፀጉሯን ለቀቀ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። ትከሻውን፣ ጀርባውን፣ ሲወድቅ ደግሞ ጉልበቱን። በመጨረሻ አፉን አገኘሁት፤ ጥርሱ ከነደሙ ሰጋቱራው ላይ ወደቀ። ምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ። ግማሹ ዱላ "ተመለሺ" ላለው ለራሴ አፍ ነበር። አናጢው ከኋላ አቅፎኝ "ኸላስ! ኸላስ! ትገድይዋለሽ!" እያለ ጎተተኝ። ሰውየው እየዳኸ ወጣ፤ መኪናው ሲነሳ ሰማን።

ዞር አልኩ። ጓደኛዬ ጠረጴዛው ስር ኩርምት ብላለች፤ ከአፍንጫዋ ደም ይወርዳል። ልጠርግላት እጄን ዘረጋሁ።

ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ከኔ። ከኔ ከጓደኛዋ! እንጨቱ በሌላኛው እጄ ላይ እንዳለ ያየሁት ያኔ ነው። ወረወርኩትና ሰጋቱራው ላይ ቁጭ አልኩ። እሷ ራሷ ናት ኋላ የተጠጋችኝ።

ካራማ አብራኝ ገባች፤ ወደሱም አልተመለሰችም። "እንሸምግላችሁ" የሚል ሰው ሲደውል ስልኩን ጆሮው ላይ የምዘጋው እኔ ነኝ። ክለቡም ቆይቶ ሲከፈት አርብ አርብ መሄድ ጀመርን። አፌን ዘግቼ መምራት ግን ቀረ። እጄን ከማንሳቴ በፊት ጆሮዋ ስር "ላነሳ ነው" እላታለሁ። እሺ ስትለኝ አነሳለሁ።