በጌዶ ሜዳ የቋጠርኩት ገመድ

አምቦ ውስጥ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምር በነበረበት ጊዜ፣ በየዓመቱ ግንቦት መጨረሻ ላይ ከጌዶ መምህራን ጋር የስፖርት ቀን ነበረን። ወንዶቹ ኳስ ይጫወታሉ፤ እኛ ሴቶቹ ገመድ እንጓተታለን። ለሴቶቹ ሽልማቱ አንድ በግ ነው። የቀደመውን ዓመት በግ ጌዶዎች፣ ያውም በገዛ ሜዳችን ላይ፣ ቀምተውን ሄደዋል። በጉ መኪና ላይ ሲጫን ዞር ብሎ ያየን ሁሉ ይመስለኛል። ስለዚህ በዚያ ዓመት ወደ ጌዶ የሄድነው ለጨዋታ ሳይሆን ለበቀል ነበር።

ስምንት ነበርን። አሰልጣኛችንም አዛዣችንም የተማሪዎችን ሥነ ሥርዓት የምትቆጣጠረው ዩኒት ሊደራችን ነበረች፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስብሰባ ላይ ማንንም የማታስተነፍስ ሴት። ከሁላችን ኋላ የገመዱን ጫፍ የሚይዙት ደግሞ የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። እትዬ እንላቸዋለን። ትከሻቸው ሰፊ ነው፤ እግራቸው አንዴ መሬት ከረገጠ የሚነቀንቃቸው የለም። እሑድ እሑድ በጸሎት ቤታቸው ይዘምራሉ፤ በሥራ ቀን ደግሞ የወደቀ ጠመኔ እንኳ ቢያገኙ ቢሮ ድረስ አምጥተው ያስረክባሉ።

ጌዶ ስንደርስ ሜዳው በዝናብ ርሶ ነበር። ከተጋጣሚዎቻችን መካከል አንዲት የማላውቃት ሴት አየሁ። ክንዷ የእኔን ጭን ያክላል። «አዲሷ የአማርኛ መምህርታችን ናት» አሉን። ቀረብ ብዬ ሰላም አልኳትና ስንተኛ ክፍል እንደምታስተምር ጠየቅኳት።

«ሁሉንም» አለችኝ።

ደንቡ ከሦስት ሁለቴ ያሸነፈ በጉን ይወስዳል ነው። የመጀመሪያውን ዙር ጌዶዎች እንደ ጎመን ነቅለው ወሰዱን። ሁለተኛውን እኛ አሸነፍን፤ እውነቱን ለመናገር ዳኛው ፊሽካውን ሳይነፋ ነው የጀመርነው። ዳኛው የእነሱ የስፖርት መምህር ቢሆንም ጨዋ ልጅ ነበርና እንዳላየ አለፈን።

ለሦስተኛው ዙር ቦታ ተቀያየርን። ከጀርባችን የእግር ኳሱ ጎል ቆሟል፤ ሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚና አንድ አግዳሚ። ከጎሉ ፊት ደጋፊዎቻችን ጃንጥላ ዘርግተው ተደርድረዋል። ዩኒት ሊደራችን ጎሉን አየች፣ ከዚያ ከእትዬ ኋላ የተረፈውን ረጅም የገመድ ጫፍ አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ጫማሽን እሰሪ» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ጫማዬ እኮ አልተፈታም።»

«እሰሪ አልኩሽ። እግረ መንገድሽን ያንን ጫፍ ከቋሚው ጋር ቋጠር አድርጊው። እስኪደክማቸው ይጎትቱ፤ ከዚያ እንስባቸዋለን።»

በጃንጥላዎቹ ተከልዬ ከእትዬ ጀርባ አጎነበስኩ። ገመዱን ሁለት ጊዜ በቋሚው ዙሪያ አዞርኩና ጥብቅ አድርጌ ቋጠርኩት። በዚያች ቅጽበት አባቴ ትዝ አላለኝም ብል ውሸት ነው። አባቴ በወጣትነቱ በገና ጨዋታ የፊት ጥርሱን ያጣ ሰው ነው። ጥርሱን ያወለቀው ሰውዬ ያኔውኑ ደግፎ ቤቱ አደረሰው፤ ኋላም የወንድሜ የክርስትና አባት ሆነ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይለን ነበር አባቴ፣ በጎደለው ጥርሱ እያፏጨ። እኔ ግን በአንድ በግ ምክንያት ዓመት ሙሉ ተቆጥቼ ነበር።

ፊሽካው ተነፋ። ጌዶዎች ጎተቱ። ገመዱ ንቅንቅ አላለም። ፊታቸው ቀላ፣ ጠቆረ፣ ላባቸው ወረደ። እኛ ለይስሙላ እያቃሰትን ገመዱን ይዘን ቆምን። ከፊቴ ያለችው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አንድ እጇን ለቃ አፍንጫዋን ስታክ ሳይ ሳቄ አመለጠኝ። ሳቅ ደግሞ ይጋባል፤ ወዲያው ምንም ከማያውቁት ከእትዬ በቀር የሁላችንም ትከሻችን ይንቀጠቀጥ ጀመር። ደጋፊው በጥረት የምንንቀጠቀጥ መስሎት አጨበጨበልን።

በዚህ መሃል ከኋላችን አንድ ነገር ሲጥጥ አለ። ዞር ስል የጎሉ ቋሚ እንደ ሰካራም ወደ እኛ ዘመም ብሏል። ለካ እርጥቡ መሬት ለቆታል። ደጋፊዎቻችን ጃንጥላቸውን እየጣሉ ተበተኑ። ቋሚው ከነሥሩ ተነቀለ፣ አግዳሚው ወረደ፣ ጌዶዎች በጀርባቸው ተዘረሩ፣ እኛም በሆዳችን በጭቃው ላይ እየተንሸራተትን ሄደን በላያቸው ላይ ተከመርን። ዓይኔን ስገልጥ ከ«አማርኛ መምህርቷ» ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥመናል። ብብቴን ይዛ ልክ እንደ ግማሽ ኩንታል ጤፍ አንስታ አቆመችኝ።

«እውነት አሁን አንቺ አስተማሪ ነሽ?» አልኳት።

ጎሉን በዓይኗ እያሳየችኝ «እናንተስ እውነት ስምንት ናችሁ?» አለች።

እትዬ ከራስ እስከ እግራቸው ጭቃ ሆነው ተነሡ። የተነቀለውን ቋሚና ቋጠሮውን አዩት። «ማነው ያሰረው?» አሉ። ዩኒት ሊደራችን ሰማይ ሰማዩን ታያለች። እኔ እንደ ተማሪ እጄን አወጣሁ።

«ሰፉ» አሉ እትዬ በኦሮምኛ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ነውር ነው ማለታቸው ነው፤ ቃሉ ግን ከነውርም ጠለቅ ይላል። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ዳኛው ሄዱና «ልጄ፣ እኛ አጭበርብረናል። በጉ የእነሱ ነው» አሉት።

ይኼን ጊዜ የጌዶዎቹ አለቃ አቀርቅራ የልብሷን ጭቃ ታራግፍ ጀመር። «እትዬ፣ እኛም ንጹሕ አይደለንም» አለች። «ይቺ የአማርኛ መምህርት ናት ያልናችሁ የአክስቴ ልጅ ናት። ከካቺሲ ነው ያመጣኋት፤ ወፍጮ ቤት ጆንያ ትሸከማለች።» ዳኛው ፊሽካውን ሊነፋ ቢሞክርም ሳቁ ትንፋሹን ስለጨረሰበት የወጣው እንደ ጫጩት ድምፅ ነው።

እትዬ ፈረዱ፦ የካቺሲዋ ትውጣ፣ ገመዱን የቋጠርኩት እኔም ልውጣ፣ ሰባት ለሰባት እንደገና። ሁለታችን የወደቀው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እሷ የገዛችውን ሸንኮራ እየላጥን አየን። ከዓመታት ወዲህ ያየሁት ምርጥ ጨዋታ እሱ ነበር። የካቺሲዋ ልጅ ሙያዋ ነውና አርፋ መቀመጥ አልቻለችም፤ «ከወገብ ነው፣ ከወገብ» እያለች ለሁለቱም ወገን ምክር ትሰጥ ነበር። ገመዱ አሥር ጊዜ ወዲያ ወዲህ ካለ በኋላ ተሸነፍን። እትዬ ሄደው ጌዶዎቹን አንድ በአንድ ሳሟቸው። በጉም እዚያው ታርዶ አብረን በላነው፤ ለዩኒት ሊደራችን ትልቁን አጥንት የሰጧት ጌዶዎች ናቸው።

ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። አንዱ በስልኩ ቀርጾን ኖሮ ሰኞ ዕለት ቪዲዮው አምቦን አዳርሶ ጠበቀን። በማግስቱ ስፈትን አንዲት ተማሪ መዳፏ ላይ ቀመር ጽፋ ያዝኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ቲቸር፣ የጌዶውን አይተነዋል» አለች፣ ክፉ ነገር እንደማይናገር ልጅ ረጋ ብላ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ልጆቹ ኩረጃን ከየት ተማሩት እያልን መምህራን ክፍል ውስጥ ስናማ እንውል ነበር።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ያለፊሽካ የጀመርነውን ሁለተኛውን ዙር ጭምር። ከዚያ ፈተናውን ሰብስቤ ቀደድኩትና ለሐሙስ አዲስ አወጣሁ። ልጅቷ እጇን ታጥባ መጣች፤ ከግማሽ በላይ አመጣች።

ቅዳሜ አራት ሆነን ላፈረስነው ጎል አዲስ ቋሚና አግዳሚ በአይሱዙ ጭነን ጌዶ ሄድን። እትዬም ሳንጠራቸው መጡ። ጉድጓዱን ራሳችን ስንቆፍር የጌዶ ሴቶች ቆሎ ይዘው ዙሪያችንን ተቀመጡ፤ ዩኒት ሊደራችን ዶማውን በተገላቢጦሽ በያዘች ቁጥር ያጨበጭባሉ። «ደህና ጥለቅ ይበል፣ ለከርሞም ታስሩበታላችሁ» አለች አለቃቸው። እትዬ እንኳ ዶማቸውን ጥለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ስንመለስ አይሱዙው ላይ ከኋላ ቆመን፣ መዳፋችን ውሃ ቋጥሮ፣ እስከ አምቦ መግቢያ ድረስ የእትዬን መዝሙር ግጥሙን እያሳሳትን አብረናቸው ዘመርን።