ረጃጅሞችን ስመረምር

ያን ዓመት የጎደለኝ ሁለት ነገር ነበር፤ ልጅና የጀርመን የሕክምና ፈቃድ። ከተጋባን ስድስት ዓመት ሆኖን ልጅ አልወለድንም። ፈቃዱን ለማግኘት ደግሞ አገሬ የተማርኩትን ሕክምና እንደገና መፈተን ነበረብኝ፤ ስለዚህ ሳጠና የፍራንክፈርትን ሕዝብ በሙሉ አሳመምኩት።

የጾታ ክሮሞዞም መዛባትን እያጠናሁ ነበር። አንድ ኤክስ የጎደላት ሴት አጭር ናት፤ የአንገቷ ቆዳ በግራና በቀኝ ወደ ትከሻዋ ይወጠራል፣ የማጅራቷ ፀጉር ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ መውለድም ብዙ ጊዜ ያዳግታታል። አንድ ኤክስ የተረፈው ወንድ ደግሞ ይረዝማል፣ እግሩ ይመዘዛል፣ ጢሙ ይሳሳል፣ መውለድም አብዛኛውን ጊዜ ያቅተዋል። ሌላም ምልክት አለ፤ እሱን እንኳ ትራም ውስጥ ማየት አይቻልም።

የሚታየውን ግን ሳልመረምር አላልፍም ነበር። ወደ ፌኸንሃይም ሰፈር በሚሄደው ትራም ውስጥ ተቀምጬ የሰው እግር በዓይኔ እለካለሁ፣ አገጭ እመረምራለሁ። አንዱን ረጅም ጎረምሳ አፍጥጬ ሳየው የወደድኩት መስሎት ጠቀሰኝ። ደንግጬ ያለ ፌርማታዬ ወረድኩ።

እሁድ እሁድ በምናመልክበት የኪራይ አዳራሽ የጸሎት መሪያችን አጭር ሴት ናቸው። ሻሻቸውን የማስተካክል መስዬ ከኋላ ማጅራታቸውን ገለጥ አደረግኩ።

"ልጄ፣ ቅማል አየሽብኝ እንዴ?" አሉኝ ጮክ ብለው።

የአምስት ልጆች እናት መሆናቸው ትዝ ሲለኝ ምርመራዬ እዚያው አበቃ። በየሳምንቱ ለማህፀኔ የሚጸልዩትም እሳቸው ናቸው። እኛ ዘንድ ልጅ ሲዘገይ ወደ ፊት የምትጠራው ሚስት ናት። ሐኪሞች ሦስት ጊዜ መርምረው ጤነኛ ነሽ ቢሉኝም፣ እጅ ሲጫንብኝ ጥፋቱ የእኔ ይመስለኝ ነበር።

ባሌ ከሥራ ሲገባ የጥናት ካርዶቼን እያነበበ ይጠይቀኛል። አንድ ቀን፣ "ረጅም፣ እግሩ የተመዘዘ፣ ጢሙ የሳሳ፣ ልጅ የሌለው" ብሎ አነበበና ቆመ። "አንቺ፣ ይሄ ካርድ ነው ወይስ የእኔ መታወቂያ?"

ከት ብዬ ሳቅኩ። ከዚያ ቀና ብዬ አየሁት። ቀና ብዬ ነው ሁልጊዜ የማየው። ሱሪ ሁሉ ያጥረዋል፤ እኔ ሱቆቹን ነበር የምወቅሰው። ጢሙን ሲላጭ አይቼው አላውቅም። የማላውቀውን ጎረምሳ በትራም ስመረምር ከባሌ ጋር ስድስት ዓመት ተኝቻለሁ! በራሴ አፈርኩ፤ ፈተናውም ቢሆን በዚያች ደቂቃ እንዲጥለኝ ተመኘሁ።

"ነገ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ያዢልኝ" አለኝ።

የደም ምርመራው ትርፏን ኤክስ አገኛት።

እሁድ "እህታችን ወደ ፊት ትምጣ" ሲባል ባሌ ትከሻዬን ይዞ አስቀመጠኝና ራሱ ወጣ።

"እሷ ጤነኛ ናት። የሚጸለየው ለእኔ ነው" አለ በሰው ሁሉ ፊት።

መሪያችን እጃቸውን ዘረጉ፤ ከደረቱ በላይ አልደርስ አላቸው። ተንበረከከላቸው። እኔም አላስቻለኝም፤ እያለቀስኩ ሄጄ አጠገቡ ተንበረከክሁ።

"አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ?" አሉኝ።

"ምንም አልሆንኩም" አልኳቸው።